ተርኪ፦ ወፍ ነው፣ አገር ነው ወይስ ስድብ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ሰው ደጋግሞ ከሚጠይቀኝ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ተርኪ» ነው። ወፍ ነው፤ አገርም ነው። ቦውሊንግ ቤት ሙገሳ ነው፤ ቲያትር ቤት ግን ስድብ ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ ሱስ ስለማቆም ሲወራ ይነሳል። ኅዳር ሲገባ ጥያቄው ይብሳል፤ ያኔ ለምስጋና ቀን (ታንክስጊቪንግ) ሱፐርማርኬቱ ሁሉ በዚህ ወፍ ይሞላል። የተጠየቅኩትን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። የአንዳንዱ መልስ አጭር ነው። የስሙ ታሪክ ግን ሰፊ ነው፤ እኛንም ይነካል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ተርኪ ከዶሮ በምን ይለያል?

ዶሮ፣ ቆቅ፣ ጅግራና ተርኪ ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም መሬት ለመሬት እየጫሩ ይለቅማሉ። ተርኪ ግን በመጠኑ ይለያል። ለሥጋ የሚረባ ወንድ ተርኪ ከ15 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ራሱና አንገቱ ላባ የለውም። ከመንቁሩ በላይ ለስላሳ ሥጋ ይንጠለጠላል። ሴቷ ፊት ሲንጎራደድ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል።

እኔን የሚገርመኝ የራሱ ቆዳ ነው። ሲረጋጋ አንድ ቀለም፣ ሲቆጣ ሌላ ቀለም ይሆናል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ጃፓኖች በዚህ የተነሳ «ባለ ሰባት ፊት ወፍ» ይሉታል። በፋርስኛ ደግሞ ስሙ «ቡቃላሙን» ነው፤ ቃሉ እንደ እስስት ቀለሙን ለሚለዋውጥ ነገርም ያገለግላል። እነዚህ ሁለቱ ወፉን አይተው ስም አወጡለት። ሌላው ዓለም በአብዛኛው ስም የሰጠው ከየት እንደመጣ ገምቶ ነው። ግምቱም ብዙ ጊዜ ተሳስቷል።

ወፉ ነው በአገሪቱ የተጠራው ወይስ አገሪቱ በወፉ?

ወፉ ነው በአገሪቱ የተጠራው። «ቱርክ» መጀመሪያ የሕዝብ ስም ነው። አገሪቱ በሕዝቡ ተጠራች። በላቲን «ቱርኪያ» ተባለች፤ እንግሊዝኛም ስሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይጠቀምበት ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይህን ወፍ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ወፉ የየት አገር ነው?

የአሜሪካ አህጉር ነው። የዱር ተርኪ ዛሬም ከደቡብ ካናዳ እስከ ሜክሲኮ ጫካ ለጫካ ይኖራል። ለማዳውን ያወጡት የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ናቸው፤ ከ2,000 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ያረቡት ነበር። አዝቴኮች በናዋትል ቋንቋ «ዌሾሎትል» ይሉት ነበር። ሜክሲኮዎች ዛሬም ከዚሁ የወጣውን «ጓሆሎቴ» የሚለውን ስም ይጠቀማሉ።

ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ አገራቸው ወሰዱት። ለጣዎስ የነበራቸውን «ፓቮ» የሚለውን ስም ሰጡት። ስሙ በዚያው ጸና፤ ጣዎስ ራሱ ከእሱ ለመለየት «ንጉሣዊ ፓቮ» መባል ግድ ሆነበት። ከስፔን በሜዲትራኒያን ዙሪያ ተሰራጨ፤ እንግሊዝም ገባ። በ1550 ዊልያም ስትሪክላንድ የተባለ እንግሊዛዊ በተሰጠው የቤተሰብ አርማ ላይ የተርኪ ሥዕል አለ። በኋላ እንግሊዞች ሰሜን አሜሪካ ሲሰፍሩ ይህንኑ ለማዳ ወፍ በመርከብ ይዘው ሄዱ። ወፉ ውቅያኖሱን ተሻግሮ፣ የሌላ አገር ስም ለብሶ፣ ወደ ተወለደበት አህጉር ተመለሰ። ዛሬ ሱፐርማርኬት የምትገዙት ተርኪ የዚያ የሜክሲኮው ዘር ነው።

ከሜክሲኮ ከመጣ እንግሊዞች ለምን የቱርክ አሉት?

እዚህ ላይ ጅግራ ትገባለች።

ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት። አገር ቤት ቆላ የኖረ ሰው በመንጋ ስትሮጥ አይቷታል። ግራጫ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ እንደ ዶቃ ተበትኖበታል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም ያውቋት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበር፤ ግብጽንም በ1517 ያዙ። ከዚያ አካባቢ ጋር የሚነግዱትን እንግሊዞች የአገራቸው ሰው «የቱርክ ነጋዴዎች» ይላቸው ነበር። ጅግራ በዚህ መንገድ ስትመጣ «የቱርክ ዶሮ» ተባለች።

በዚያው ዘመን የሜክሲኮውም ወፍ መጣ። ሁለቱም እንግዳ ናቸው። ሁለቱም ራሳቸው ላባ የለውም። ሁለቱም ከዶሮ ይተልቃሉ። ሰው ቀላቀላቸው፤ በአንድ ስም ጠራቸው። ልዩነቱ ሲገባቸው ስሙ ለአሜሪካው ወፍ ቀረለት። ጅግራ ደግሞ ፖርቱጋሎች ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ስላመጧት በእንግሊዝኛ «የጊኒ ወፍ» ተባለች።

ሌላም አባባል አለ። እነዚያው የቱርክ ነጋዴዎች የሜክሲኮውን ወፍ ራሱን በሜዲትራኒያን በኩል አምጥተውት ሊሆን ይችላል ይላል። እኔ የጅግራው ታሪክ ይበልጥ ያሳምነኛል። ለማንኛውም ሁለቱም ወደ ነጋዴው ነው የሚያመሩት። የዚያን ዘመን እንግሊዝ ከዚያ አቅጣጫ የመጣውን ሁሉ የቱርክ ይል ነበር። ምንጣፉ የቱርክ ምንጣፍ ነው። በቆሎ እንኳን የሜክሲኮ እህል ሆኖ ሳለ «የቱርክ ስንዴ» ተብሏል። ጣልያኖች እስከ ዛሬ በቆሎን «ግራኖቱርኮ» ይሉታል፤ የቱርክ እህል ማለት ነው።

ሳይንሳዊ ስሙስ ስህተቱን አላረመም?

አላረመም። እንዲያውም አጸናው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ለተርኪ የሰጠው ስም «ሜሌአግሪስ ጋሎፓቮ» ነው። «ሜሌአግሪስ» ግሪኮች ለጅግራ የሰጡት ስም ነው። ተረታቸው እንዲህ ይላል፦ ሜሌአግሮስ የሚባል ጀግና ሲሞት እህቶቹ አልቅሰው አልቅሰው አልወጣላቸው አለ። በመጨረሻ ወደ ጅግራ ተለወጡ፤ እንባቸው ላባቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጅግራን ሳይ ያ ለቅሶ ትዝ ይለኛል።

«ጋሎ» አውራ ዶሮ ነው፤ «ፓቮ» ጣዎስ ነው። ስለዚህ በተርኪ ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ጅግራ አለች፣ አውራ ዶሮ አለ፣ ጣዎስም አለ። ተርኪ ብቻ የለበትም።

ቱርኮች ራሳቸው ወፉን ምን ይሉታል?

«ሂንዲ» ይሉታል። የህንድ ማለት ነው።

እነሱ ብቻ አይደሉም። ፈረንሳዮች «ዳንድ» ይላሉ፤ «የህንድ ዶሮ» ከሚለው አጥረው ያወጡት ነው። ሩሲያኛው «ኢንደይካ»፣ ፖላንድኛው «ኢንዲክ» ነው፤ ሁሉም ህንድን ነው የሚጠሩት። ሆላንዶች «ካልኩን» ሲሉ የህንዷን የወደብ ከተማ ካሊከትን ማለታቸው ነው። ምክንያቱ ኮሎምበስ ነው። አሜሪካ ደርሶ ህንድ የደረሰ መሰለው። ከዚያ የመጣ ነገር ሁሉ የህንድ ተባለ፤ የአገሩ ተወላጆችም ሳይቀሩ።

ህንዶች ግን የራሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከፖርቱጋልኛ ወስደው «ፔሩ» ይሉታል። በ1612 አንድ ተርኪ ከጎዋ ወደ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ቤተ መንግሥት መጣ። ንጉሡ በራሱ ቀለም መለዋወጥ ተደንቆ ስለ ወፉ ጻፈ፤ መንሱር የሚባለውም ሠዓሊው ሥዕሉን ሠራ። በነገራችን ላይ ይኸው ሠዓሊ በ1621 አንድ የሜዳ አህያ ሥሏል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ እንስሳውን ቱርኮች ከሐበሻ አገር እንዳመጡት ይናገራል። እንግሊዙ ወፉን የቱርክ ማለቱ ያን ጊዜ ብዙ አያስወቅሰውም። የሩቅ አገር እንስሳ በእውነትም በቱርክ እጅ ያልፍ ነበር።

ማላዮች «የሆላንድ ዶሮ» ይሉታል። ቬትናሞች «የምዕራብ ዶሮ» ይሉታል። ግብጾች «ዲክ ሩሚ» ይሉታል፤ የሮም አውራ ዶሮ እንደማለት ነው። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል፤ «የእኔ አይደለም፣ ከዚያ ማዶ ነው የመጣው» እያለ።

እስራኤል ውስጥስ?

ዕብራይስጡ «ታርነጎል ሆዱ» ነው፤ የህንድ አውራ ዶሮ። «ሆዱ» በመጽሐፍ ቅዱስ ህንድ ናት። መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ይገዛ ነበር ይላል፤ ዕብራይስጡ «ከሆዱ እስከ ኩሽ» ነው የሚለው። ግጥምጥሞሹ ደግሞ «ሆዱ» በዕብራይስጥ «አመስግኑ» ማለትም ነው። «እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ቸር ነውና» የሚለው መዝሙር በዚሁ ቃል ይጀምራል። አሜሪካኖች በምስጋና ቀን የሚበሉት ወፍ በዕብራይስጥ ስሙ ምስጋናን መምሰሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ቤይሩት ሱቅ ውስጥ የሥጋ ማሸጊያ ላይ «ሐበሽ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ስለ እኛ ነው?

ይህን የጠየቀችኝ እህት ከልቧ ደንግጣ ነበር። ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት የቆየች ሰው «ሐበሽ» የሚለው ቃል በምን ድምፅ እንደሚጠራ ታውቃለች። ስለዚህ ድንጋጤዋ ገብቶኛል።

ማሸጊያው ላይ ያለው የተርኪ ሥጋ ነው። ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ፍልስጤምና ዮርዳኖስ ውስጥ ወፉ «ዲክ ሐበሽ» ይባላል፤ የሐበሻ አውራ ዶሮ። ሲያጥር «ሐበሽ» ብቻ ይቀራል። ስድብ አይደለም። እንግሊዙ «የቱርክ»፣ ቱርኩ «የህንድ» እንዳለው እነሱ ደግሞ «የሐበሻ» አሉት። በዚህ ስም ውስጥ የጅግራ ጥላ ያለ ይመስለኛል፤ ጅግራ በእውነትም የእኛ አገር ወፍ ናትና። የሜክሲኮው ወፍ የእኛን ስም ይዞ በቤይሩት ፍሪጆች ውስጥ ተኝቷል።

እኛስ በአማርኛ እንዲህ ያለ ስም አውጥተን እናውቃለን?

እንዴታ! ባሕር ዛፍን ተመልከቱ። በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከየት እንደሆነ ማን ይጨነቃል፤ ከባሕር ማዶ መጥቷል፣ በቃ ባሕር ዛፍ ነው። በቆሎም በድሮው አማርኛ «የባሕር ማሽላ» ይባል ነበር። እንግሊዙ «የቱርክ ስንዴ» ያለውን እህል እኛ «የባሕር ማሽላ» አልነው፤ ሁለታችንም በምናውቀው እህል ላይ የመጣበትን መንገድ ቀጠልንበት። ቱርኮች ደግሞ በቆሎን «ምስር» ይሉታል። በእነሱ ቋንቋ ምስር ግብጽ ናት።

ብርቱካንም አለ። ቃሉ በዓረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው። ፍሬው ግን የእስያ ነው። ፖርቱጋሎች ሸጡት፣ ስማቸው ቀረ።

ከሁሉ ግን «ፈረንጅ» ይበልጥብኛል። መነሻው ፍራንኮች የሚባሉት የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ ስም ነው፤ በዓረብኛ በኩል ደረሰን። እኛ ግን ስዊድኑንም፣ ግሪኩንም፣ ካናዳዊውንም ፈረንጅ እንላለን። እንግሊዙ ከምሥራቅ የመጣውን ሁሉ ቱርክ ማለቱ እዚህ ላይ በደንብ ይገባናል።

ቱርክ ስሟን ያስቀየረችው በወፉ ምክንያት ነው?

በከፊል። ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን በታኅሣሥ 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መመሪያ አወጡ፤ አገሪቱ በሌሎች ቋንቋዎችም «ቱርኪዬ» ተብላ እንድትጠራ። የተባበሩት መንግሥታት በሰኔ 2022 ተቀበለው። ሕዝቡ ራሱ አገሩን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ሪፐብሊኩ በ1923 ሲመሠረትም ስሟ ይኸው ነበር። ዋናው ምክንያት የገዛ ስማችን ይከበር የሚለው ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥኑ ቲአርቲ ግን ስለ ወፉ በግልጽ ተናግሯል። የአገሪቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ወፍ ይወጣል። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ «ክሽፈት» እና «ቂል ሰው» የሚል ትርጉም ይጨምራል። አገሩን የሚወድ ሰው ይህ ቢያስከፋው አይፈረድበትም።

እንግሊዝኛው ሁለቱን የሚለየው በፊደል ነው። አገሪቱ በትልቅ ፊደል ትጀምራለች፣ ወፉ በትንሽ። በንግግር ግን ምንም ልዩነት የለም። በአማርኛ ይህ ችግር የለብንም። አገሪቱ «ቱርክ» ናት፣ ወፉን «ተርኪ» እንለዋለን፤ አያምታታም። እኔ ሳስተረጉም ይህን ልዩነት አጥብቄ እይዛለሁ።

ሐኪሜ ሲጋራ «ኮልድ ተርኪ» አቁም አለኝ። ቀዝቃዛ ሥጋ ብላ ማለቱ ነው?

አይደለም፤ ግን እንዲህ ብለው የጠየቁኝ አባት ብቻቸውን አይደሉም። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ሊገምት ይችላል? ትርጉሙ ሱስን ቀስ በቀስ ሳይቀንሱ በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ መተው ነው። አማርኛችን ለዚህ «እርግፍ አድርጎ ተወው» የሚል የራሱ አባባል አለው፤ እኔም እንደዚያ ነው የማስተረጉመው።

አባባሉ በዚህ ትርጉም ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ሱሰኛው ሲያቆም ቆዳው፣ ላባው እንደተነቀለ ተርኪ ቆዳ፣ ሽፍ ሽፍ ስለሚል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ከዚያ በፊት «ቀዝቃዛ ተርኪ ማውራት» ሳይሸፋፍኑ በቀጥታ መናገር ማለት ነበር። ሳይለሳለሱ መናገር ከሚለው ወደ ሳይለሳለሱ ማቆም መሄድ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሲጋራን በአንድ ጊዜ መተው ይቻላል። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን አልኮልን በድንገት ቢያቆም የሚጥል ሕመም ሊመጣበት፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዳንድ የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን በሐኪም ክትትል ብቻ አቁሙ።

«ቶክ ተርኪ»ስ?

ፍርጥርጥ አድርጎ መነጋገር ነው። በተለይ ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ፣ ዙሪያውን ሳይዞሩ ወደ ቁም ነገሩ ሲገባ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይወራ የነበረ ተረት አለው። አንድ ነጭና አንድ የአገሩ ተወላጅ አብረው አደን ወጡ። ተርኪና ጥንብ አንሳ ገደሉ። ማካፈል ሲመጣ ነጩ እንዲህ አለ፦ «አንተ ጥንብ አንሳውን ውሰድ፣ እኔ ተርኪውን ልውሰድ። ካልሆነም እኔ ተርኪውን ልውሰድ፣ አንተ ጥንብ አንሳውን ውሰድ።» ተወላጁ ሰምቶ፣ «አንድ ጊዜ እንኳን ለእኔ ተርኪ አላወራህም» አለው። አባባሉ ከዚህ መነሳቱን አላረጋግጥም። ነገር ግን የተረቱን ሐዘን የሚረዳ ሰው ብዙ ነው። መሬታቸውም በዚሁ ዓይነት ክፍፍል ነው የሄደው።

ፊልም ሲተቹ «ተርኪ ነው» ይላሉ። ቦውሊንግ ላይ ግን ያጨበጭባሉ። እንዴት ነው ነገሩ?

ሁለቱ አይገናኙም። ቲያትርና ፊልም ላይ «ተርኪ» ማለት የከሸፈ፣ ተመልካች ያጣ ሥራ ነው። ይህ የኒውዮርክ የቲያትር ሰዎች ቋንቋ ነበር። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ቂል፣ ጅል እንደማለት ነው። ከባድ ስድብ አይደለም፤ የሥራ አለቃችሁን ግን አትበሉት።

ቦውሊንግ ላይ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቆሙትን አሥሩንም እንጨቶች (ፒኖች) በመጀመሪያው ኳስ ከጣላችሁ «ተርኪ» መታችሁ ይባላል። ያኔ ደስ ይበላችሁ።

«ተርኪ ትሮት» የሚባለው ሩጫ ምንድን ነው?

በምስጋና ቀን ጠዋት የሚደረግ የሕዝብ ሩጫ ነው። በቡፋሎ ከተማ ከ1896 ጀምሮ ይሮጣል። ለእኛ ሰው ይመቻል፤ ከሩጫ ሻምፒዮና ይልቅ ቤተሰብ ሆኖ ሶምሶማ ለመምታት የሚወጣበት ቀን ነው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአሜሪካ ምልክት ተርኪ ይሁን ብሎ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

በዚያ መልኩ አይደለም። በ1784 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የአሜሪካ ምልክት የሆነውን ንስር ሌላው ወፍ ያጠመደውን ዓሣ ይነጥቃል ብሎ ነቀፈው፤ ተርኪ ይልቅ የተከበረና ትክክለኛ የአሜሪካ ተወላጅ ነው አለ። ለመንግሥት ያቀረበው ሐሳብ ግን አልነበረም። ደብዳቤ ነው።

የምስጋና ቀን ተርኪ በእኛ ጾም ላይ ይውላል? ተጋብዤ ብሄድስ?

የምስጋና ቀንን በመላው አገር ያወጁት ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ናቸው። ከ1941ዱ ሕግ ወዲህ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከ22 እስከ 28 ባሉት ቀናት መካከል ይዞራል። የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም ኖቬምበር 24 ገደማ ነው። አንዳንዴ በዓሉ ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር 13 ዋለ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት። በ2017 ኅዳር 19፣ በ2018 ኅዳር 18 ሆነ፤ ሁለቱም ጾም ውስጥ ናቸው።

ጾሙ ካልገባ እኛ ቤት ተርኪውን በሎሚና በጨው እናጥበዋለን፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በንጥር ቅቤ ለውሰን ከቆዳው ሥር እናስገባለን። ሥጋው ደረቅ ስለሆነ ቅቤው የግድ ነው። ከዚያ ኦቨን ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ልጆቹ ድልሁ የነካውን ጎን ይሻማሉ።

ጾም ላይ ሆናችሁ ከተጋበዛችሁ ግን አትቅሩ። «ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋና ወተት አልበላም» በሉ፤ ብዙ አሜሪካዊ ያከብረዋል። ቀድማችሁ ደውላችሁ ብትነግሩ ደግሞ ለባለቤቱ ይቀለዋል። ክራንቤሪው ብዙውን ጊዜ የጾም ነው። የተፈጨው ድንች ቅቤና ወተት አለበት። ስተፊንግ የሚሉት ዳቦ በሥጋ መረቅ ነው የሚርሰው። የዱባው ፓይ ውስጥ እንቁላል አለ። አንድ ትሪ የጾም በያይነቱ ይዛችሁ ብትሄዱ ከሁሉ ይሻላል፤ እኔ ሦስት ዓመት ይዤ ሄጃለሁ፣ ከተርኪው ቀድሞ ያለቀው ምስር ወጡ ነው።